በእጅ ያለ ርስት

የጥቅምት ወር ተጋምሶ በሰሜን ሕንድ ከተሞች ሌሊቱ መቀዝቀዝ ሲጀምር፥ ክረምቱን ሁሉ ባዶውን የከረመው የየአደባባዩ ጥግና የየመንገዱ ዳር በሸራ ዳስ ይሞላል፤ በየዳሱም ውስጥ ሹራብ፥ ኮት፥ የአንገት ልብስና የሕፃናት ቆብ ተከምሮ፥ ከተራራ አገር የመጡ ሴቶችና ወንዶች ከዕቃው ኋላ ሆነው ገዢ ይጠብቃሉ። የከተማው ሰው ለብዙ ዓመታት ስለሚያውቃቸው እነማን ናችሁ ብሎ አይጠይቅም፤ የቲቤቶቹ ገበያ ተከፈተ ማለት ለእርሱ ብርድ ገባ ማለት ነው።

ከነዚህ ዳሶች በአንዱ ፊት ጥቂት ለቆመ ሰው የሚታየው ይህ ነው። እናት በዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፥ በአገርዋ ልማድ ባለትዳር ሴት የምታገለድመውን ባለ ብዙ ቀለም ሽንትር ሽርጥ በረጅሙ ቀሚሷ ላይ አገልድማ፥ ሹራቡን በየልኩ እያጠፈች ትደረድራለች፤ ልጂቱ ግን ጂንስ ሱሪ ለብሳ ከፊት ቆማ ከገዢው ጋር በሂንዲ ትከራከራለች፥ ያለውንም ለእናትዋ በቲቤትኛ ትነግራለች፥ እናት በዓይንዋ እሺ ስትላት ዕቃውን ጠቅልላ ታስረክባለች። ሲመሽ ደግሞ ሸራው ወደ ታች ይለቀቅና፥ በአንዲት አምፑል ብርሃን እናት ገንዘቡን ስትቈጥር ልጅ በደብተር ትጽፋለች፦ ስንት ሹራብ ወጣ፥ ስንት ቀረ፥ ለአበዳሪው ስንት ይገባዋል።

አበዳሪ ያልሁት የሉዲያናውን ነጋዴ ነው። ሉዲያና በፑንጃብ ክፍለ ሀገር ያለች፥ በሹራብ ሥራ የታወቀች ከተማ ናት፤ የዚያች ከተማ አምራቾችም ለቲቤት ስደተኞች ዕቃውን በዱቤ ይሰጧቸዋል፥ እነርሱም ወቅቱ ሲያልቅ፥ በጥር ግድም፥ ዕዳቸውን ከፍለው ያልተሸጠውን ይመልሳሉ። መሬት የሌለው፥ ቤት የሌለው፥ ዜግነትም የሌለው ሕዝብ ለዚህ ብድር ያስያዘው ነገር ቢኖር ቃሉን ብቻ ነው፤ ቃሉም እስከ ዛሬ ስለ ቆመ ገበያው በየዓመቱ ይከፈታል። ለእኔ በስደተኞች ኑሮ ውስጥ ከዚህ ይልቅ የሚያስከብር ነገር የለም።

ነገር ግን ያቺ በደብተር የምትጽፈው ልጅ ኮሌጅ የጨረሰች ብትሆን የሚደነቅ አይደለም፤ እንደርስዋ ያሉ ብዙ ናቸውና። ወላጆችዋ ሹራብ ሲሸጡ የኖሩት እርስዋ ሹራብ እንዳትሸጥ ነበር። እርስዋና እኩዮችዋ በምን ሙያ እንደሚኖሩ፥ ሙያውንም ማን እንደሚያስተምራቸው መጠየቅ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ነው።

ታሪኩን ከሥሩ ለመያዝ ወደ 1959 መመለስ ያስፈልጋል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው)። በዚያ ዓመት በመጋቢት ወር በቲቤት ዋና ከተማ በላሳ ሕዝቡ በቻይና አገዛዝ ላይ በተነሣ ጊዜ፥ ገና 23 ዓመት የሆናቸው የቲቤት መሪ ዳላይ ላማ መጋቢት 17 ቀን በሌሊት ከቤተ መንግሥታቸው ወጥተው፥ ከሁለት ሳምንት የተራራ ጉዞ በኋላ መጋቢት 31 ቀን የሕንድን ወሰን ተሻገሩ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጃዋሃርላል ኔሩም መጠጊያ ሰጧቸው። እርሳቸውን ተከትሎ የፈለሰው ሕዝብ ወደ 80,000 ይገመታል። ይህ ሕዝብ ዘላንና ገበሬ፥ መነኩሴና ነጋዴ ነበረ፤ ለብርድና ለከፍታ የተፈጠረው ሰውነቱም የቆላውን ወበቅ ስላልቻለ፥ በአሳም ክፍለ ሀገር በተተከለው የሚሳማሪ ሰፈር ብዙ ሰው በበሽታ ሞተ።

የተረፉት የተሰጣቸው የመጀመሪያ ሥራ በሂማላያ ተራሮች ላይ መንገድ መሥራት ነበረ። ወንዱም ሴቱም ድንጋይ እየፈለጠ ጠጠር ያደርግ ነበር፤ ልጆቹም በመንገዱ ዳር አቧራ ለብሰው ይውሉ ነበር። ከነዚህ ልጆች ውስጥ 51 ያህሉ ታመውና ተጐሳቍለው በግንቦት 17 ቀን 1960 በሰሜን ሕንድ ወዳለችው ወደ ዳራምሳላ ተወሰዱ፤ የዳላይ ላማ ታላቅ እኅት ጸሪንግ ዶልማም እንደ እናት ተቀበሏቸው። እርሳቸው በ1964 ሲያርፉ ሥራውን ታናሽ እኅታቸው ጀትሱን ፔማ ተረከቡ፥ እስከ 2006 ድረስም ከአርባ ዓመት በላይ መሩት። የሕፃናት መጠለያ ሆኖ የተጀመረው ያ ቤት ዛሬ የቲቤት ሕፃናት መንደር ተብሎ የሚጠራው፥ ከሂማላያ ግርጌ እስከ ደቡብ ሕንድ ቅርንጫፍ ያለው ማኅበረ ትምህርት ነው። የሕንድ መንግሥትም በበኩሉ በ1961 ለስደተኞቹ ልጆች የሚሆኑ ትምህርት ቤቶችን የሚያስተዳድር መሥሪያ ቤት አቋቋመ።

እንግዲህ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ይህ ሕዝብ ገና የሚያድርበት ጣራ ሳይኖረው ትምህርት ቤት ከፈተ። ቋንቋውንና ሃይማኖቱን ለማዳን ያለው መንገድ ይኸው ብቻ መሆኑን መሪዎቹ ስላወቁ፥ ያገኙትን ምጽዋትና ርዳታ ሁሉ አስቀድመው በልጆቹ ላይ አፈሰሱት። በአንድ ትውልድ ውስጥ ፊደል ያልቈጠረ የዘላን ልጅ መምህር፥ ነርስ፥ ጸሐፊና መሐንዲስ ሆነ። ኋላ የመጣው ችግር ከዚህ መልካም ሥራ የተወለደ ነው፤ ትምህርቱ ልጆቹን ወደ አንድ በር አደረሳቸው፥ በሩ ግን ከውጭ ተቈልፎ ነበረ።

ወደ በሩ ከመድረሳችን በፊት ግን ስለ እጅ ሥራ መናገር ይገባል፤ የስደቱ የመጀመሪያ ጥሪት እርሱ ነበርና። አባቶቻችን ጥበበ እድ ያሉት ሥራ፥ ማለት በእጅ የሚሠራ ጥበብ፥ ለስደተኛ ከምንም ሀብት ይልቅ ይጠቅመዋል፤ በድንበር ላይ አይወረስበትምና፥ በጫንቃውም አይከብደውምና። በዳርጂሊንግ ከተማ የቲቤት ስደተኞች የራስ አገዝ ማዕከል የተቋቋመው በጥቅምት 2 ቀን 1959፥ ስደቱ ገና ዓመት ሳይሞላው ነበር። በኔፓልም የስዊስ ሰዎች፥ ከእነርሱም አንዱ የሥነ ምድር ሊቁ ቶኒ ሃገን፥ ስደተኞቹ የሚያውቁትን ሥራ እንዲሠሩ ብለው በካትማንዱ አጠገብ በጃዋላኬል የምንጣፍ ሥራ ቤት እንዲከፈት ረዱ።

የቲቤት ምንጣፍ አሠራር እንደ ሌላው አገር ምንጣፍ አይደለም፥ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ድሩ ከፍ ባለ የእንጨት መሸመኛ ላይ ከላይ ወደ ታች ተወጥሯል፤ ሸማኔዋ በፊቱ ትቀመጣለች፥ በድሩም ላይ አንድ ቀጭን ዘንግ አጋድማ ትይዛለች። ባለ ቀለሙን የሱፍ ክር በድሩ ኋላ አሳልፋ በዘንጉ ላይ ትጠመጥመዋለች፥ ዳግመኛም ወደ ድሩ ትመልሰዋለች፥ እንዲህ እያደረገች ከዳር እስከ ዳር ስትደርስ ዘንጉ በክር ቀለበት ተሸፍኖ አይታይም። ከዚያ ማጉን አሳልፋ በእንጨት መዶሻ ትመታዋለች፤ ድምፁ ከሥራ ቤቱ ውጭ ይሰማል። በመጨረሻ ቢላዋዋን አንሥታ በዘንጉ ላይ ያለውን ቀለበት በአንድ መስመር ትሰነጥቀዋለች፥ ዘንጉም ይወጣል፥ የተቈረጠው የክር ጫፍ ሁሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል። አንድ መስመር አለቀ። አንድ ምንጣፍ ለማለቅ እንዲህ ያለው መስመር ሲደጋገም ሳምንታት ይወስዳል፤ ሴቶቹም ይህን ሲሠሩ ልጆቻቸውን አሳድገውበታል፥ አስተምረውበታል።

ይህ ከስደት ዳስ የወጣ ሥራ የኔፓልን ንግድ እስከ መለወጥ ደረሰ። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ምንጣፍ ከኔፓል ወደ ውጭ ከሚላኩት ዕቃዎች ዋነኛው ሆነ፤ ጀርመንም ትልቋ ገዢ ነበረች። ኋላ ግን በየሥራ ቤቱ ሕፃናት ይሠራሉ የሚለው ወሬ በኤውሮጳ ተሰማ፥ የችኰላ ሥራም የምንጣፉን ጥራት አሳነሰው፥ ገበያው ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ወደቀ። የሸማኔዎቹም ልጆች በመሸመኛው ፊት መቀመጥን አልወደዱም። አንድ ሕዝብ በአንድ ሙያ ላይ ብቻ ተደግፎ ሊኖር እንደማይችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

በዳራምሳላ አጠገብ በ1988 የተቋቋመው ኖርቡሊንግካ የተባለው ተቋም የወሰደው መንገድ ከዚህ የተለየ ነው። ስሙን ያገኘው በላሳ ካለው የዳላይ ላማ የበጋ ቤተ መንግሥት ሲሆን፥ ሥራው የሃይማኖት ሥዕልን፥ የሐውልት ቀረጻን፥ የእንጨት ፍልፍልንና የጨርቅ ሥዕልን ለወጣቶች ማስተማርና የተሠራውን መሸጥ ነው። በዚያ ታንግካ የሚባለውን ሥዕል የሚማር ረድእ በመጀመሪያ ቀለም አይሰጠውም፤ በመስመር በተከፋፈለ ወረቀት ላይ የቡድሃን ፊት በልኩ መሳል ይማራል፥ ይሰርዛል፥ እንደ ገና ይስላል። እጁ ከታመነ በኋላ ነው ጨርቁን በእንጨት ፍሬም ላይ በገመድ ወጥሮ፥ ኖራ መሳይ ነጭ አፈርና የቆዳ ሙጫ ቀብቶ፥ በለስላሳ ድንጋይ እያሸ እንደ ወረቀት ልስልስ የሚያደርገው። ቀለሙ ከማዕድን የተፈጨ ነው፤ አረንጓዴው ከድንጋይ፥ ሰማያዊው ከድንጋይ፥ ወርቁም እውነተኛ ወርቅ ነው። ከሁሉ በኋላ የሚሳለው ዓይን ነው። የሥዕለ አድኅኖን ሥራ የሚያውቅ አንባቢ የዚህን ትዕግሥት ትርጕም ሳይነገረው ያስተውለዋል። ሥራው ዓመታት ይፈጃል፥ ተማሪው ግን በነዚያ ዓመታት እየሠራ ይኖራል፤ በስተመጨረሻ የሚወጣው ሰው የምስክር ወረቀት የያዘ ብቻ ሳይሆን ሥራውን አይተው ከሩቅ የሚያውቁት ባለ ሙያ ነው።

ይህን በሰፊው የተናገርሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ በስደተኞቹ መካከል የሚሰጠው የሙያ ሥልጠና ብዙ ዓይነት ነው፦ ልብስ ስፌት፥ የምግብ ሥራና ዳቦ ጋገራ፥ የጠጕር ሥራ፥ የመኪና ጥገና፥ ነርስነት፥ የሆቴል መስተንግዶ፥ ኮምፒዩተር። የሕፃናት መንደሩም በዴራዱን ከተማ አጠገብ በሴላኲ የሙያ ማሠልጠኛ ሲያካሂድ ቆይቷል። ከነዚህ ሥልጠናዎች አንዳንዶቹ በጥቂት ወራት የሚያልቁ ናቸው፤ እኔም ግልጹን ለመናገር፥ በሦስት ወር የተማረ ልብስ ሰፊ በኖርቡሊንግካ ዓመታት ከተቀመጠው ልብስ ሰፊ ጋር በአንድ ስም መጠራቱ አይገባውም እላለሁ። አጭሩ ትምህርት ጥቅም የለውም አላልሁም፤ ተቀጥሮ ለመሥራት ይበቃል። የራስ ሱቅ ለመክፈት ግን አይበቃም፤ የሚቀጠረውም ወጣት የሚቀጠረው በሩቅ ከተማ ነው።

የሩቅ ከተማው ነገር በደቡብ ሕንድ ያለችውን ባይላኩፔን በማየት ይታወቃል። በ1960 የማይሶር መንግሥት በዚያ ወደ 3,000 ኤከር የሚሆን ዱር ለስደተኞቹ ሰጠ፤ እነርሱም ዛፉን ቈርጠው፥ ሰብላቸውን ከሚያጠፋው ዝሆን ጋር እየታገሉ፥ በቆሎ ዘርተው ከስደቱ ሰፈሮች ሁሉ የመጀመሪያዋን መሠረቱ። የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ፥ ትራክተር ገዙ፥ ታላላቅ ገዳማትም ተሠሩ። ነገር ግን መሬቱ በኪራይ የተያዘ እንጂ ርስት አይደለም፥ አይሰፋም፥ ለእያንዳንዱ ሰው የደረሰውም ጥቂት ነው። የአባትየው ድርሻ ለአራት ልጆች ሲከፈል ለአንዱም አይበቃም። ስለዚህ ኮሌጅ የጨረሰው ወደ ባንጋሎር ወይም ወደ ዴልሂ ይሄዳል፥ ከዚያም የቻለው ባሕር ይሻገራል። በ1990 የአሜሪካ ሕግ ለ1,000 ቲቤታውያን ቪዛ ከፈቀደ ወዲህ መንገዱ ተከፍቷል፤ የሄዱት ቤተሰባቸውን ጠሩ። የቲቤታውያን የስደት አስተዳደር በ2009 ባደረገው ቈጠራ ከቲቤት ውጭ 127,935 ቲቤታውያን ሲገኙ፥ ከነርሱ 94,203 በሕንድ፥ 13,514 በኔፓል፥ 18,920 ደግሞ ከደቡብ እስያ ውጭ ባሉ አገሮች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በሕንድ ያለው ቍጥር ቀንሷል። በሰፈሮቹ ውስጥ የጸሎት መንኰራኵር የሚያዞሩ ሽማግሌዎችና ገና ትምህርት ያልጨረሱ ልጆች በብዛት ይታያሉ፤ በመካከል ያለው ዕድሜ ሳስቷል።

በዚህ ምክንያት ነው የስደት አስተዳደሩ፥ በተለይም የገንዘብ ጉዳይ መምሪያው፥ ወጣቶች ተቀጣሪ ብቻ ሳይሆኑ ባለ ድርጅት እንዲሆኑ የሥራ ፈጠራ ሥልጠናና የመነሻ ብድር ወደ መስጠት የዞረው። በሥልጠናው ወጣቱ ሐሳቡን በወረቀት ላይ እንዲያወርድ ይጠየቃል፦ ምን ትሸጣለህ፥ ለማን፥ በስንት ታወጣዋለህ፥ በስንት ትሸጠዋለህ፥ ባይሸጥስ? ልምድ ያለው ነጋዴም ሒሳቡን እያየ ይመክረዋል። ከዚህ ዓይነት ጥረት ቡና ቤቶች፥ የእንግዳ ማረፊያዎች፥ የልብስ ስፌት ቤቶች፥ የዳቦ መጋገሪያዎች ተከፍተዋል። በዴልሂ የቲቤታውያን ሰፈር በሆነችው በማጅኑ ካ ቲላ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ የሚያልፍ ሰው ሞሞ ከሚባለው በሥጋ ወይም በአትክልት የተሞላ በእንፋሎት የበሰለ ሊጥ ሽታ አያመልጥም፤ ያም ምግብ ዛሬ በሕንድ ከተሞች ጎዳና ሁሉ ይሸጣል። ስደተኛ እናቶች በቤታቸው ያዘጋጁት የነበረው ምግብ የሚሊዮኖች ሆኗል፤ ትልቁን ድርሻ የያዘው ግን ገንዘብና ፈቃድ ያለው ነጋዴ ነው።

አሁን ወደ ተቈለፈው በር ደረስን። ስደተኛ ወጣት ንግድ ለመክፈት ባንክ ሄዶ ብድር ሲጠይቅ ባንኩ መያዣ ይጠይቀዋል፤ እርሱም በስሙ የተጻፈ መሬት የለውም፥ ቤተሰቡ የሚኖርበት ቤትም በኪራይ መሬት ላይ የተሠራ ነው። በእጁ ያለው የመታወቂያ ደብተር በየጊዜው የሚታደስ የውጭ አገር ሰው መመዝገቢያ ነው። የመንግሥት ሥራም በአብዛኛው ለዜጋ ብቻ ነው። የሕንድ መንግሥት ይህን አይቶ በ2014 የቲቤት ስደተኞችን መልሶ ማቋቋሚያ መመሪያ አወጣ፤ በመመሪያውም ክፍለ ሀገሮች ለስደተኞቹ የንግድ ፈቃድ እንዲሰጡ፥ መሬቱን በውል እንዲያከራዩ፥ የተማሩትም በሕክምና፥ በነርስነት፥ በመምህርነትና በመሰለው ሙያ እንዲሠሩ ጠየቀ። መመሪያው መልካም ነው፤ አፈጻጸሙ ግን በየክፍለ ሀገሩ ፈቃድ የሚወሰን ስለሆነ፥ በአንዱ የተፈቀደው በሌላው ይከለከላል።

ዜጋ መሆን አይችሉም ወይ የሚል ይኖራል። ከጥር 26 ቀን 1950 ጀምሮ እስከ ሐምሌ 1 ቀን 1987 በሕንድ የተወለደ ሰው በሕጉ መሠረት በልደት ሕንዳዊ ነው፤ የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም ይህ ለቲቤታውያን እንደሚሠራ በ2010 ፈርዷል። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የተወለደው ወጣት፥ ማለት ሥልጠናው የሚመለከተው ዋናው ትውልድ፥ በትውልድ ቦታው ብቻ ይህን መብት አያገኝም። ዜግነቱ የሚገባውም ቢሆን ብዙ ያመነታል፤ የስደተኛነቱን ደብተር መመለስ አባቱ ለተሰደደበት ነገር ጀርባ መስጠት መስሎ ይታየዋል። በዚህ ነገር በማንም ላይ ለመፍረድ አልደፍርም። የሹራቡ ዳስ ላይ የቆመችው ልጅ ግን ሃይማኖትዋንና የአገርዋን ተስፋ ሳትለቅ ብድር የምታገኝበት ሕግ ቢኖር ኖሮ፥ የሉዲያናው ነጋዴ በቃልዋ ብቻ ያመናትን ያህል ባንኩም ቢያምናት ኖሮ፥ ዛሬ ሹራቡን የምትሸጠው ሳትሆን የምታሠራው እርስዋ በሆነች ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከሁሉ የከፋው ነገር በኔፓል ነው። በዚያ ያለው መንግሥት ከ1990 በፊት ለገቡትና ለልጆቻቸው የስደተኛነት መታወቂያ ይሰጥ ነበር፤ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ግን መስጠቱን አቁሟል። በጃዋላኬል መሸመኛ አጠገብ ተወልዶ፥ ምንጣፉን በመዶሻ ሲመቱ እየሰማ አድጎ፥ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ወጣት ምንም ወረቀት የለውም። በስሙ የባንክ ሒሳብ መክፈት አይችልም፥ መንጃ ፈቃድ ማውጣት አይችልም፥ ንግድ ማስመዝገብ አይችልም። ለእርሱ የሚሰጠው ሥልጠና ሁሉ፥ ሰጪው ምንም ያህል ቅን ቢሆን፥ ግማሽ መንገድ ነው፤ ቀሪውን ግማሽ መስጠት የሚችለው ካትማንዱ ያለው መሥሪያ ቤት ነው። እስከዚያው ድረስ ሱቅ ለመክፈት የደፈረ ወጣት ኔፓላዊ ወዳጅ ይፈልጋል፥ የንግድ ፈቃዱም በዚያ ወዳጅ ስም ይወጣል።